ትንኟ በልጅነቷ ምን በላች?

በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኘት በዓል ላይ፣ ደብረ ታቦር፣ የቀረበ ንግግር



የዘንድሮው መገናኛችን ደብረ ታቦር እንዲሆን የወሰነውን ኮሚቴ እዚሁ በምንኖረው ልጆች ስም አመሰግናለሁ። ስለ ብርዱ ቀደም ብለን ነግረናችሁ ነበር፤ ጋቢ ሳይዝ የመጣ ሰው እንግዲህ ወደ ጎረቤቱ ይጠጋ።

ኮሚቴው "ከሙያሽ አንድ ነገር አቅርቢልን፤ ሐኪም ላልሆነውም የሚገባ ይሁን" ሲለኝ መጀመሪያ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ላወራ አስቤ ነበር። ሁላችንም አርባን ስለዘለልን ሰሚ አላጣም። በኋላ ግን ሌላ ርዕስ መረጥኩ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ግብርና ያጠናው አለ፤ መንገድና መስኖ የሚሠራው መሐንዲስ አለ፤ መምህሩ አለ፤ ሕግና ኢኮኖሚ ያጠናው አለ። እንዲህ ተሰባስበን የምንገኘው በስንት ዓመት አንዴ ነው። ስለዚህ ለሐኪም ብቻ ቢተው የማይፈታ ነገር ይዤ መጣሁ፤ ወባን። ወባ ስላችሁም ስለ ክኒኑና ስለ አጎበሩ ልናገር አይደለም። የወባ ትንኝ ክንፍ ከማውጣቷ በፊት፣ ገና ውኃ ውስጥ እጭ ሆና ሳለች የምትበላው ነገር፣ ካደገች በኋላ በሽታ የማስተላለፍ አቅሟን እንዴት እንደሚወስነው ነው የምነግራችሁ።

"ደብረ ታቦር ላይ ቆመሽ ስለ ወባ?" የሚሉ ፊቶች ይታዩኛል። እውነት ነው፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ከጀርባችን ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ቆሟል። እዚህ ወባ አይራባም። ነገር ግን ትናንት ከባሕር ዳር የመጣችሁ ሰዎች ወረታ ላይ ከዋናው መንገድ ታጥፋችሁ ሽቅብ ስትወጡ ያያችሁት ሰፊ ሜዳ ፎገራ ነው። ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ነው። በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ለወባ ግን ሌላ አገር ነው። ፎገራና ደራ፣ ሊቦ ከምከም፣ በዚያ በኩል ደግሞ ወደ ዓባይና ወደ ተከዜ ሸለቆዎች የሚወርዱት ቆላዎች ሁሉ የደቡብ ጎንደር ናቸው። የፋርጣ ገበሬ ልጅ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ደጋ ላይ አይቀመጥም። ለሰብል ስብሰባ ፎገራ ይወርዳል፤ ለሰሊጥ መተማ ይሄዳል። ከዚያ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ ወደ እኛ ይመጣል። ደገኛ ስለሆነ ሰውነቱ ወባን አያውቃትም፤ ስለዚህም ጠንክራ ትመታዋለች። እዚህ የምንሠራ ሐኪሞች ትኩሳት ያለውን ሰው ከስሙ ቀጥለን የምንጠይቀው "ባለፈው ወር የት አደርክ?" ብለን ነው።

አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ንዳድ ብለው ይጠሩታል። ቆላ ወርዶ ማረስ ይቻላል፤ ማደር ግን አይመከርም። ቢሆንም በሽታው አንዳንዴ ራሱ ሽቅብ ይወጣል። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. ታኅሣሥ (እ.ኤ.አ. 1958) ድረስ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው ወይና ደጋ ላይ የተነሣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል። ያ ድሮ ነው የሚል ካለ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። አጎበር አለ፤ የቤት ውስጥ ርጭት አለ፤ ጥሩ መድኃኒት አለ። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? ጦርነቱም፣ መፈናቀሉም፣ የመድኃኒትና የኬሚካል መላመዱም መልሶች ናቸው። እኔ ዛሬ የማነሣው ብዙ የማይወራለትን አንዱን ብቻ ነው።

ወደ ኩሬው እንውረድ።

የወባ ትንኝ ሕይወት አራት ደረጃ አለው፤ እንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬ፣ ከዚያ ባለ ክንፍ ትንኝ። እንቁላሉና ሙሽሬው አይበሉም። ክንፍ ያወጣችዋ ትንኝ የአበባ ጣፋጭ ትቀስማለች፤ ሴቷ ደግሞ እንቁላል ለመጣል ደም ትመጣለች፤ ቁመናዋ ግን ከዚያ ወዲያ አይጨምርም። አካሏ የሚገነባው፣ ስንቋም የሚቋጠረው እጭ ሆና ውኃ ውስጥ በምታሳልፋቸው አንድ ወይም ሁለት ሳምንታት ነው። የሕፃናት ሐኪሞች ስለ መጀመሪያዎቹ 1,000 ቀናት ሲናገሩ ሰምታችኋል፤ ልጅ በእነዚያ ቀናት ያጣውን በኋላ መመለስ እንደሚከብድ። የትንኟ 1,000 ቀናት እንግዲህ እነዚያ አሥር ቀናት ገደማ ናቸው።

በአገራችን ዋናዋ የወባ አስተላላፊ አኖፌሊስ አረቢየንሲስ ትባላለች። ጣና ሐይቅን የሚያህል ውኃ አትፈልግም። ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥልቀት የሌለው የዝናብ ውኃ ይበቃታል። የበሬ ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ፣ ለቤት ምርጊት ጭቃ የወጣበት ጎድጓዳ፣ መንገድ ሲሠራ አፈር የተዛቀበት ቦታ ሁሉ ቤቷ ነው። እጯ እንደ ሌሎቹ ትንኞች እጭ ቁልቁል ተዘቅዝቃ አትንጠለጠልም። ከውኃው ገጽ ጋር ጋደም ብላ ትንሳፈፋለች። ልትበላ ስትል ጭንቅላቷን ብቻ ታዞርና በአፏ ዙሪያ ባሉት ብሩሽ መሰል ፀጉሮች የውኃውን ገጽ ትጠርጋለች። አልጌም ይሁን ባክቴሪያ ወይም ሌላ ደቃቅ ብናኝ፣ ገጹ ላይ የተንሳፈፈውን ሁሉ ትበላለች። ይህን "ገጹ ላይ የተንሳፈፈውን" ያልኩትን ያዙልኝ።

ምግብ ያጣች እጭ ወይ እዚያው ትሞታለች፣ ወይ ዘግይታ ታድጋለች። ብታድግም ትንሽ ትሆናለች። ተመራማሪዎች የክንፏን ርዝመት በማይክሮስኮፕ ይለካሉ፤ ክንፏ አጭር ከሆነ በልጅነቷ ተርባለች ማለት ነው። የተራበችዋ በሰውነቷ የቋጠረችው ስብ ጥቂት ስለሆነ የመጀመሪያውን ደም የምታውለው ለእንቁላል ሳይሆን ለራሷ መጠገኛ ነው። እንቁላል ለመጣል ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ደም ያስፈልጋታል። ይህ ማለት እንግዲህ ደጋግማ ትነክሳለች ማለት ነው። ስለዚህ "ትንሽ ትንኝ ምን ታመጣለች" ብለን እንዳንዘናጋ። የጠገበችዋ ግን ሁለት ነገር ትበልጣታለች። አንደኛ ብዙ እንቁላል ትጥላለች። ሁለተኛ ረጅም ዕድሜ ትኖራለች። የወባ ጉዳይ ዋናው ቁልፍ ያለው ደግሞ ይህ ሁለተኛው ላይ ነው።

ለምን ቢባል፣ ወባ የያዘውን ሰው የነከሰች ትንኝ በማግስቱ በሽታውን አታስተላልፍም። ፓራሳይቱ በሆዷ ውስጥ ተራብቶ ምራቅ ዕጢዋ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ጊዜውን የሚወስነው ሙቀት ነው። ፋልሲፓረም ለሚባለው ገዳይ ዓይነት የቆየ ስሌት አለ። የአካባቢው አማካይ ሙቀት ከ16 ዲግሪ በስንት እንደሚበልጥ አይታችሁ 111ን በዚያ ቁጥር ታካፍላላችሁ። 25 ዲግሪ ከሆነ 12 ቀን ገደማ ይወጣል። 20 ዲግሪ ከሆነ 28 ቀን ገደማ። 16 ዲግሪ ላይ ስሌቱ ይቆማል። እዚህ ጋቢ ተከናንባችሁ ተቀምጣችሁ ሳለ ወባ ለምን እንደማያሰጋችሁ በዚሁ ገባችሁ ማለት ነው።

አሁን የኢኮኖሚና የሒሳብ ልጆች ስልካችሁን አውጡና አብራችሁኝ አስሉ። ሁለት ቡድን ትንኝ እናስብ፤ እያንዳንዱ 1,000 ትንኝ አለው። የመጀመሪያው ቡድን በእጭነቱ የተራበ ነው፤ ከ100 ትንኝ በየቀኑ 80ው ለነገ ይደርሳል። ሁለተኛው የጠገበ ነው፤ ከ100 በየቀኑ 90ው ይደርሳል። ቁጥሮቹን ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው። 25 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ቆላ፣ ከ12 ቀን በኋላ ከተራቡት 69 ይተርፋሉ፤ ከጠገቡት 282። አራት እጥፍ። ቀላል አይደለም። 20 ዲግሪ ወዳለበት ወይና ደጋ እንውጣና ደግሞ 28 ቀን እንጠብቅ። ከተራቡት 1,000 ትንኞች የሚተርፉት ሁለት ናቸው። ከጠገቡት ግን 52። ከ25 እጥፍ በላይ!

ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙልኝ። ቆላ ላይ ሙቀቱ ራሱ ፓራሳይቱን ስለሚያፈጥነው አጭር ዕድሜ ያላት ትንኝም ትደርሳለች። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ግን ፓራሳይቱ ይዘገያል፤ እሱን ጠብቃ የምትቆየው ረጅም ዕድሜ ያላት ትንኝ ብቻ ናት። ስለዚህ የእጯ ምግብ ከየትም ይልቅ ክብደት የሚኖረው በወባ ጠርዝ ላይ ባሉ ቀበሌዎች ነው። እነዚያ ደግሞ የእኛ ቀበሌዎች ናቸው። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ከፍ ሲል 28 ቀን የነበረው ወደ 22 ቀን ገደማ ይወርዳል። በዚያ ላይ ትንኟን የሚያጠግብ ነገር ከተጨመረ ጠርዙ ሽቅብ ይወጣል።

በላቦራቶሪም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የምትባለዋን ትንኝ እጮች ለሁለት ከፍለው አንዱን ወገን በደንብ ቀለቡ፤ የሌላውን ቀለብ ቀነሱ። ካደጉ በኋላ ወባ ያለበት ደም አጠጧቸው። የተራቡት ቶሎ ሞቱ፤ በዚያ ላይ በሰውነታቸው ውስጥ ፓራሳይቱ ራሱ አዝግሞ አደገ። ሁለቱ ሲደመሩ የጠገቡት በሽታ የማስተላለፍ አቅም ከ260 እስከ 330 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ይህችው ስቴፈንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኝታለች፤ በ2022 ደግሞ ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

"ላቦራቶሪ ውስጥስ ሰው ይቀልባታል፤ እዚህ ኮቴ ውስጥ ማን ይቀልባታል?" ብላችሁ ልትጠይቁ ነው። መልሱን ያገኙት የአገራችን ሰዎች ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ (እ.ኤ.አ. 2000 አካባቢ) የማነ የእብዮ ከሃርቫርዱ አንድሩ ስፒልማንና ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ዝዋይ አካባቢ ያዩት ነገር እንዲህ ነው። በቆሎ ሲያብብ ከአናቱ ላይ ያለው ወንዴ አበባ ቢጫ ብናኝ ይጥላል። ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ በማሳው መሐል ሲያልፉ ልብስ ላይ የሚቀረው ዱቄት ነው። ይህ ብናኝ ኩሬ ላይ ሲያርፍ አይሰምጥም። ይንሳፈፋል። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው፤ የአኖፌሊስ እጭ የምትበላው የውኃውን ገጽ ጠርጋ ነው። ማዕዱ ከሰማይ አፏ ላይ ይወርዳል ማለት ነው።

ተመራማሪዎቹ ካበበ በቆሎ አጠገብና ራቅ ባለ ቦታ የነበሩትን እጮች አነጻጸሩ። በቆሎው አጠገብ ያሉት በብዛት አደጉ፤ በፍጥነት አደጉ፤ ሲያድጉም ትልልቅ ሆኑ። ሌላም ነገር አገኙ። የደፈረሰ ውኃ ለእጭ ደሃ ቤት ነው፤ ብርሃን ስለማያስገባ አልጌ አይበቅልበትም። እጮች በተጨናነቁበት ኩሬም ምግብ ቶሎ ያልቃል። ብናኙ ሲጨመር ግን የደፈረሰውም የተጨናነቀውም ኩሬ ትንኝ ማሳደግ ቻለ። የክረምት ኩሬዎቻችን ምን ዓይነት እንደሆኑ ታውቃላችሁ፤ ቀያይና ድፍርስ ናቸው።

ከዚያ ታሪኩ ወደ ጎጃም ይሻገራል፤ ወደ ቡሬ። በ1991 ዓ.ም. መግቢያ ግድም (እ.ኤ.አ. 1998) ቡሬ ላይ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። አስናቀው ከበደ፣ የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን፣ አንቶኒ ኪሸውስኪና የማነ የእብዮ መንደሮቹን እየዞሩ በቆሎ በብዛት የሚዘራበትንና ጥቂት የሚዘራበትን ቦታ ለዩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ በቆሎ በብዛት በሚመረትባቸው መንደሮች የወባ ሕመም ጥቂት ከሚመረትባቸው 9.5 እጥፍ በልጦ መገኘቱን ገለጹ። ዘጠኝ ነጥብ አምስት!

በቆሎ እኮ በአገራችን ለዘመናት የኖረ ነው። ታዲያ አሁን ምን ተለወጠ? ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛው ብዛቱ ነው። ድሮ በቆሎ የጓሮ ነገር ነበር፤ እሸት ሆኖ ለልጆች የረሃብ ወር ማሳለፊያ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲመጣ ዋና ሰብል ሆነ። ሁለተኛው ጊዜው ነው። ቢኤች 660 የሚባለው ድቃይ እ.ኤ.አ. በ1993 ወጣ። ምርቱ ግሩም ነው፤ ነገር ግን ለመድረስ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ የደብረ ታቦር በዓል ይረዳናል። "ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት" ይባል የለ? ከቡሄ በፊት ዶፉ ኩሬውን ሁሉ ያጥበዋል፤ እጩንም ጠርጎ ይወስደዋል። የድሮው የጓሮ በቆሎ ቶሎ ስለሚደርስ ብናኙን የሚጥለው በዚያ ጊዜ ነበር፤ ስለዚህ ማዕዱ ሲቀርብ በላተኛ አልነበረም። ቡሄ ካለፈ በኋላ ዝናቡ ይለዝባል፤ ፀሐይ ብቅ ትላለች፤ ኩሬው ይረጋል፤ ትንኟም እንቁላሏን ትጥላለች። አዲሱ በቆሎ የሚያብበው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ ልክ በዚሁ ጊዜ ነው። እንግዲህ ማዕዱም በላተኛውም ገጠሙ። በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ክሊኒኮቻችን በትኩሳት ይሞላሉ፤ ያውም ገበሬው ለአጨዳ ጉልበቱን በሚፈልግበት ሰዓት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ይህ ሁሉ በቆሎን ብቻውን ጥፋተኛ አያደርገውም። ወረርሽኝ የብዙ ነገሮች ድምር ነው። ቡሬ በታመሰችበት ዘመን ክሎሮኪን ፋልሲፓረምን ማዳን ተስኖት ነበር፤ በዚያው ዓመት ነው አገሪቱ ወደ ፋንሲዳር የዞረችው። ዝናብም፣ ሙቀትም፣ የሰው እንቅስቃሴም ድርሻ አላቸው። ብናኙ የሚጨምረው በእሳቱ ላይ ማገዶ ነው።

ሐኪም ሆኜ በዚህ ጉዳይ የምቸገረው ቀጥሎ ያለው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 በመቶው ቀንጭረዋል። ከአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ በላይ ነው። የእኛ ልጆች በ1,000 ቀናቸው ያጡትን ምግብ የሚሞላ ሰብል ቢኖር በሔክታር ብዙ የሚሰጠው ያው በቆሎ ነው። ልጃችንን የሚያሳድገው ሰብል የትንኟንም ልጅ ያሳድጋል። ታዲያ ማነው ለገበሬ "በቆሎ አትዝራ" የሚለው? እኔ አልልም። በፎገራ በኩል አንድ የጤና ትምህርት ላይ ይህን ጉዳይ ሳነሣ አንድ አዛውንት "ልጄ፣ ከረሃብና ከንዳድ ምረጡ ልትይን ነው የመጣሽው?" አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። መልሴም "አይደለም አባቴ፣ በቆሎውን ትንሽ ራቅ እናድርገው ነው" የሚል ነበር።

ምክንያቱም የበቆሎ ብናኝ ከባድ ነው። ንፋስ የተወሰነውን ቢያርቀውም አብዛኛው ከማሳው አጠገብ ይወድቃል። ችግሩ የሚባባሰው ሦስት ነገሮች አንድ ቦታ ሲገናኙ ነው፤ ያበበ በቆሎ፣ የረጋ ውኃ፣ ሰው የሚተኛበት ቤት። ሦስቱን ለመለያየት ደግሞ እያንዳንዳችን የምናደርገው ነገር አለን።

የግብርና ልጆች፣ ከእናንተ ልጀምር። ገበሬው በሚያዝያና በግንቦት የትኛውን ዘር የት እንደሚዘራ ሲወስን አጠገቡ ያላችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኔ የማገኘው በጥቅምት፣ ልጁን አዝሎ ሲመጣ ነው። ከቤቱ ጥግና ከረግረጉ ዳር ድንች፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት ወይም ሌላ ሰብል ይሁን፤ በቆሎው ወደ ውጭ ወደ ዋናው ማሳ ይውጣ። ቶሎ የሚደርስ ዘር ባለበት የአበባው ጊዜ ከቡሄ በፊት እንዲውል ቀመሩን አብራችሁ አስሉ። ዝርያ ስትመርጡ ምርትን፣ በሽታን መቋቋምንና ድርቅን ትመዝናላችሁ፤ በወባማ ወረዳ የሚያብብበትንም ወር መዝኑልን።

መሐንዲሶቻችን፣ መንገዱ ካለቀ በኋላ አፈር የተዛቀበት ጉድጓድ ወደ ኋላ ሲቀር ለእናንተ ሥራው ተጠናቋል፤ ለትንኟ ግን ገና ተመረቀ። መሙላቱ ወይም ውኃው የሚወጣበት ቦይ መቅደዱ በውሉ ውስጥ ይግባ። መስኖ ስትዘረጉም እንዲሁ። ውኃ በሚያንጠባጥብ ቦይ ዳር በበጋ በቆሎ ከተዘራ፣ ድሮ የመስከረም የነበረውን ግጥምጥሞሽ በጋ ላይም ልንደግመው ነው።

መምህራን፣ የሰፈሩን ኩሬ ሁሉ ከጤና ባለሙያ ይልቅ የሚያውቁት ተማሪዎቻችሁ ናቸው። ትምህርት በተከፈተ ሳምንት በነጭ ሳህን ውኃ ቀድተው እጭ ይቁጠሩ። ጋደም ብላ የምትንሳፈፈዋን ከተዘቀዘቀችዋ መለየት ለአምስተኛ ክፍል ልጅ አይከብደውም። ካርታ ይሳሉ፤ ኩሬው፣ በቆሎው፣ ቤቱ። ከዚያ ከወላጆቻቸው ጋር ይድፈኑት።

የጤና ሰዎች፣ ለእኛም የሚሆን ነገር አለ። የፀረ እጭ መድኃኒት ጥቂት ሲሆን የት እንደሚረጭ መምረጥ ግድ ነው። ካበበ በቆሎ አጠገብ ያለው ኩሬ ይቅደም፤ ረጅም ዕድሜ የሚኖሩት ትንኞች የሚወጡት ከዚያ ነውና። ደስ የሚለው ደግሞ የዝዋዩ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ግኝት ነው። በብናኙ ውስጥ ያለ አንድ ንጥረ ነገር እጮቹን ይበልጥ እንዲበሉ ያነሣሣል፤ ከባክቴሪያ ከሚሠራ የፀረ እጭ መድኃኒት ጋር ሲሰጣቸው መርዙን አብዝተው ይወስዱታል። ሆዳምነቷን መልሶ በራሷ ላይ ማዞር ይቻላል ማለት ነው። አጎበሩና ርጭቱ ደግሞ ይቀጥላሉ፤ እኔ የነገርኳችሁ በእነሱ ላይ የሚጨመር እንጂ እነሱን የሚተካ አይደለም።

የኢኮኖሚና የሕግ ልጆች፣ እናንተን አልረሳሁም። የወባ ወጪ በጤና ቢሮ መዝገብ ላይ ብቻ ነው የሚጻፈው። የምርጥ ዘሩ ትርፍ ደግሞ በግብርና ቢሮው ላይ። አንድ ገበሬ ግን ሁለቱንም በአንድ ኪሱ ነው የሚከፍለውና የሚቀበለው። በአጨዳ ሰሞን ለሁለት ሳምንት የተኛ አባወራ ከበቆሎው ትርፍ ስንቱን እንዳጣ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አድርጎ የሚያሰላልን ሰው ያስፈልገናል።

ንግግሬን በጥያቄ ልጨርስ። ማኅበራችን በየዓመቱ አንድ የበጎ አገልግሎት ሥራ ይመርጣል። ለመጪዎቹ ሦስት ክረምቶች በፎገራ ሜዳ ዳር፣ ሜዳው ወደ ደጋው መውጣት በሚጀምርበት አካባቢ፣ አንድ ቀበሌ እንያዝ። ከወረዳው ግብርናና ከወረዳው ጤና ጋር ተስማምተን፣ ከሰኔ በፊት የበቆሎውን ቦታ፣ ከቡሄ በኋላ ኩሬዎቹን፣ በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ታማሚዎቹን እንመዝግብ። አንድ ሌላ ቀበሌ ለማነጻጸሪያ ይኑረን፤ የሚገኘው ውጤት ጥሩም ይሁን አይሁን በዚሁ መጽሔት ላይ ይውጣ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው እዚህ አዳራሽ ውስጥ በየጠረጴዛው ተለያይተን የተቀመጥን ሰዎች ለሦስት ክረምት በአንድ ማሳ ላይ መቆማችንን ነው። የፎገራ፣ የደራና የሊቦ ልጆች የሆናችሁ መጀመሪያ ስማችሁን ስጡ፤ ቦታውንም ሰውንም ታውቁታላችሁ። ወረቀቱን በር ላይ ካለው የምዝገባ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ስሜን ጽፌያለሁ።

ምሳ ላይ እሸት በቆሎ አለ ተብያለሁ፤ በሰላም ብሉ፤ እሱ ምንም አላደረገም።